ግሩፑ ሞልቶ መልሱ ለምን ይጠፋል? ለኦፕን ሶርስ ፕሮጀክት የመገናኛ መስመሮችን ስለማደራጀት

የደረሰን ጥያቄ ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ለስልክና ለኮምፒውተር የሚሆን የአማርኛ ኪቦርድ በኦፕን ሶርስ (ኮዱን ለሁሉም ክፍት አድርገን) እየሠራን ነው። ኮዱ ጊትሃብ (ኮድ የሚቀመጥበትና በጋራ የሚሠራበት ድረ ገጽ) ላይ ይገኛል። የቴሌግራም ግሩፓችን ወደ 1,400 ሰው አለው፤ የፌስቡክ ገጽም አለን። ኮዱን የምንጽፈው አራት ሰዎች በዋትስአፕ እንነጋገራለን፤ ሁለታችን አዲስ አበባ፣ አንዱ ባሕር ዳር፣ አንዷ ሜሪላንድ ነን። አንድ ዓይነት ጥያቄ በቀን አምስትና ስድስት ጊዜ ይመጣል፤ የተነገረን ስህተት ይጠፋብናል፤ ሊያግዙን የመጡ ልጆችም ‹ውሳኔው የት እንደሚወሰን አናውቅም› ብለው ሄዱ። አሁን ዲስኮርድ (ሌላ የጽሑፍና የድምፅ መወያያ መድረክ) እንክፈት የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ምን ትላላችሁ?»

ዲስኮርዱን አሁን አትክፈቱ። የጎደላችሁ መነጋገሪያ ቦታ አይደለም፤ ያሉት ቦታዎች ሁሉ አንድ ዓይነት ሥራ ስለሚሠሩ ነው የተቸገራችሁት። ቴሌግራሙ ላይ ጥያቄ ይጠየቃል፣ ስህተት ይነገራል፣ አዲስ ስሪት ይታወጃል፣ ክርክርም ይነሣል። ፌስቡኩም እንደዚያው ነው። ዋትስአፑ ላይ ደግሞ ማንም ሳያይ ይወሰናል። ሌላ ቦታ ሲጨመር ይኸው ሁሉ እዚያም ይደገማል፤ መልስ የሚሰጡት ግን ያው አራት ሰዎች ናቸው።

መጀመሪያ የሚያልፈውን ከሚቀመጠው ለዩ። ለእያንዳንዱ መልእክት አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ ይህን ነገር ከስድስት ወር በኋላ የሚፈልገው ሰው ይኖራል? የሚኖር ከሆነ የራሱ ሊንክ ያለው፣ አካውንት የሌለው ሰው እንኳ ሊያነበው የሚችል፣ በጉግል የሚገኝ ቦታ ላይ መጻፍ አለበት። ለእናንተ ይህ ቦታ ጊትሃብ ነው፤ ኮዱ እዚያ ስላለ ሌላ መፈለግ አያስፈልግም። የማይኖር ከሆነ፣ ማለትም ሰላምታ፣ «እኔም ዘንድ እንዲህ ሆነ»፣ «ዛሬ ማን አለ?» ዓይነት ከሆነ ቴሌግራም ላይ ይለፍ። ቴሌግራም ለዚህ በጣም ጥሩ ነው፤ ሕዝቡም ያለው እዚያ ነው። የግሩፕ ንግግር ግን በጉግል አይገኝም፤ ትናንት ማታ የተሰጠው ድንቅ መልስ ዛሬ ጠዋት ከ200 መልእክት በታች ተቀብሯል። ጥያቄው በቀን ስድስት ጊዜ የሚመላለሰው ሰዉ ሰነፍ ስለሆነ ሳይሆን መልሱ የሚታይበት ቦታ ስለሌለ ነው።

ከዚህ ተነሥታችሁ ሥራውን አከፋፍሉ። ማስታወቂያ በቴሌግራም ቻናል ይሁን፤ ግሩፕ ሳይሆን እናንተ ብቻ የምትጽፉበት ቻናል፣ ግሩፑም የቻናሉ መወያያ ሆኖ ይያያዝ። አዲስ ስሪት ሲወጣ ማስታወቂያው በቅድሚያ ጊትሃብ ላይ ይጻፋል፤ ቻናሉና ፌስቡኩ ሁለት መስመርና ሊንኩን ብቻ ይወስዳሉ። ፌስቡኩ ላይ ጥያቄ እንደማይመለስ በገጹ አናት ላይ ጻፉና በእርግጥም አትመልሱ፤ ግማሽ ጊዜ የሚመለስበት ቦታ ጭራሽ ከማይመለስበት ይልቅ ሰው ያስቀይማል። «እንዴት ልጠቀም?» የሚለው ጥያቄ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ይምጣ፤ የጸናው መልስ ግን ዲስከሽንስ በሚባለው የጊትሃብ የውይይት ክፍል ላይ ይቀመጥ። ይህ ክፍል መልስን «ትክክለኛው ይህ ነው» ብሎ ምልክት ማድረግ ያስችላል። ስህተት የሚመዘገበው ኢሹ (ጊትሃብ ላይ ለእያንዳንዱ ችግር የሚከፈት ባለ ቁጥር መዝገብ) ላይ ነው። ምስጢር የሚሆን ነገር ደግሞ የራሱ መንገድ አለው፤ ኋላ እመጣበታለሁ።

ስህተትን መቀበል ላይ ረዘም ብዬ ልቆይ፤ ብዙ ነገር የሚጠፋው እዚህ ነውና። ግሩፑ ላይ የሚመጣው መልእክት አብዛኛውን ጊዜ «አራት ነጥቡ አይሠራም» የሚልና ከሥሩ ስክሪንሹት ያለበት ነው። ስክሪንሹቱን ስታዩት አራት ነጥብ ቁጭ ብሎ ይታያል። ታዲያ ምኑ ነው ያልሠራው? በዩኒኮድ፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ፊደልና ምልክት ቁጥር በሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሥርዓት፣ አራት ነጥብ (።) 1362 የሚል የራሱ ቁጥር አለው፤ ሁለት ነጥብ (፡) ደግሞ 1361 ነው። ቁልፉ አራት ነጥቡን መስጠት ሲገባው ሁለት ነጥቡን ሁለት ጊዜ ደርድሮ «፡፡» ቢያወጣ፣ በብዙ ፎንት ላይ ዓይን ልዩነቱን አይይዘውም፤ ፎቶ ላይማ ጨርሶ አይለይም። ተጠቃሚው ግን የሆነ ነገር እንደተበላሸ ያውቃል፦ ፊደል ማረሚያው ዓረፍተ ነገሩ እንዳላለቀ ይቆጥረዋል። ጽሑፉ ኮፒ ተደርጎ ቢላክ ኖሮ ጉዳዩ በአንድ ደቂቃ ይታወቅ ነበር። በስክሪንሹት ብቻ ሲሆን ሦስት ቀን «እኛ ዘንድ ይሠራል» ስትባባሉ ትቆያላችሁ።

ስለዚህ ጊትሃብ ላይ የኢሹ ቅጽ አዘጋጁ፤ በአማርኛ። ባዶ ኢሹ መክፈትን በቅንብሩ ዝጉት፤ «ጥያቄ ካለዎት» የሚል ወደ ዲስከሽንስ የሚወስድ ሊንክ ከቅጹ ጎን አኑሩ። በቅጹ ላይ ስድስት ነገር ጠይቁ፦ የኪቦርዱ ስሪት ቁጥር፣ የስልኩ ሞዴልና የአንድሮይዱ ስሪት፣ ስህተቱ የታየበት አፕ (ክሮም ውስጥ ሠርቶ በባንክ አፕ ውስጥ እምቢ የሚል ስህተት ብዙ ነው)፣ የተጫኗቸው ቁልፎች በቅደም ተከተል፣ የወጣው ጽሑፍ ኮፒ ተደርጎ፣ ይወጣል ብለው የጠበቁት ጽሑፍ። አምስተኛው የግድ የሚሞላ ይሁን፤ ስክሪንሹት ተጨማሪ እንጂ ምትክ አይሁን። ከስድስት በላይ አታድርጉት። ቅጹን በስልክ የሚሞላ ሰው ሲረዝምበት መሐል ላይ ይተወዋል፤ እናንተም ስለ ስህተቱ ሳትሰሙ ትቀራላችሁ።

እዚህ ላይ ትልቁን እውነት መቀበል ያስፈልጋል፦ ከ1,400ው አባል አብዛኛው የጊትሃብ አካውንት የለውም፤ እንዲከፍት መጠየቅም ተገቢ አይደለም። የጊትሃብ ገጽ ራሱ በእንግሊዝኛ ነው። «እባክዎ ኢሹ ይክፈቱ» የተባለ የትምህርት ቤት ጸሐፊ አመስግኖ ይሄዳል፤ ተመልሶም አይመጣም። ከቴሌግራም ወደ ጊትሃብ የሚያሻግረው ሰው መሆን አለበት፤ ለዚህም ተረኛ መድቡ።

ተረኛው ለአንድ ሳምንት ይሠራል፤ ጠዋት 20 ደቂቃ፣ ማታ 20 ደቂቃ። ከአራታችሁ አንዱ መሆን አይጠበቅበትም፤ እንዲያውም ባይሆን ይሻላል፤ ግሩፑ ላይ ሁልጊዜ ሰው የሚረዱ ሦስት አራት ሰዎች አይጠፉምና እነሱን ጠይቁ። ሥራው ጥያቄውን ሁሉ መመለስ አይደለም። ስህተት ያያል፣ የጎደለውን መረጃ ግሩፑ ላይ ይጠይቃል፣ ቅጹን እሱ ራሱ ሞልቶ ኢሹ ይከፍታል፣ የቴሌግራሙን መልእክት ሊንክ ኢሹው ውስጥ ይለጥፋል። ከዚያ ለሰውዬው እንዲህ ይመልሳል፦

«እናመሰግናለን። ጉዳዩ በቁጥር 212 ተመዝግቧል፤ በዚህ ሊንክ ማየት ይችላሉ። ሲስተካከል እዚሁ መጥተን እንነግርዎታለን።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር የምትጽፉ ከሆነ ፈጽሟት። የቴሌግራሙ ሊንክ ኢሹው ውስጥ የገባው ለዚህ ነው፤ ኢሹው ሲዘጋ ተረኛው በሊንኩ ተመልሶ ለዚያው መልእክት «ተስተካክሏል፣ በስሪት ይህን ያህል አለ» ብሎ ይመልሳል። ከሁለት ወር በፊት የተናገረው ነገር እንዳልተረሳ ያየ ሰው ቀጣዩን ስህተት አስተካክሎ ይጽፍላችኋል። ረዳት የሚገኘው ከእንደነዚህ ዓይነት ሰዎች ነው።

የድምፅ መልእክትን ቴሌግራም ላይ ማገድ ይቻላል፤ ብዙ ግሩፖች ያደርጉታል፤ ድምፅ ሰርች አይደረግምና። እናንተ ግን አታግዱ። የሠራችሁት ኪቦርድ ነው፤ ኪቦርዱ የተበላሸበት ሰው በምን ይጻፍ? ተረኛው ሰምቶ በጽሑፍ ይገልብጠው።

የተደጋጋሚ ጥያቄዎች ገጽ ከመጻፋችሁ በፊት ሁለት ሳምንት ቁጠሩ። ምን ስንት ጊዜ ተጠየቀ የሚለውን ተረኛው በወረቀት ላይ ቢያሠምር በቂ ነው። ሦስት ጊዜ የተጠየቀ ጥያቄ የራሱ ገጽ ይኑረው፤ ሁሉም በአንድ ረጅም ገጽ ላይ ከታጨቁ በስልክ ማንም እስከ ታች አይወርድም። ግሩፑ ላይ ስትመልሱ ሊንክ ብቻ አትወርውሩ፤ ያለ ቃል የተላከ ሊንክ «ሂድ ፈልግ» የማለት ያህል ይሰማል። መልሱን በአንድ ሁለት መስመር ጻፉና «በሥዕል የተደገፈው እዚህ አለ» ብላችሁ ሊንኩን አስከትሉ።

በአማርኛ የሚሠሩ ፕሮጀክቶች ሁሉ የሚወድቁበት ጉድጓድ እዚህ አለ፤ የእናንተ ሙያ ስለሆነ ፈጥኖ ይገባችኋል። ሰርች ሥ እና ስን እንደ ሁለት የተለያዩ ፊደሎች ነው የሚያየው። አንዱ «ፀሐይ»፣ ሌላው «ጸሐይ»፣ ሦስተኛው «ፀሀይ» ብሎ ቢጽፍ ለሰው አንድ ነው፤ ለጊትሃብም ለቴሌግራምም ሰርች ሦስት ቃል ነው። «አይሠራም» ብሎ የተመዘገበውን ኢሹ «አይሰራም» ብሎ የፈለገ ሰው አያገኘውም፤ ስለዚህ ያንኑ ስህተት እንደ አዲስ ይመዘግባል። በዚያ ላይ «ኪቦርድ»፣ «ኪይቦርድ»፣ «የቁልፍ ሰሌዳ»፣ ደግሞም አማርኛውን በላቲን ፊደል የሚጽፍ አለ። መፍትሔው ሁለት ነው። በየገጹ ግርጌ «ለፍለጋ፦» የምትል መስመር ጨምራችሁ የቃሉን አጻጻፎች በሙሉ ደርድሩ፤ የእንግሊዝኛውንም፣ የላቲኑንም። ኢሹ ላይ ደግሞ በጽሑፍ ሰርች አትተማመኑ፤ ሌብል (ኢሹው ላይ የሚለጠፍ የምድብ ምልክት) ተጠቀሙ፦ «ሥርዓተ ነጥብ»፣ «ዲቃላ ፊደላት»፣ «አንድሮይድ»፣ «ዊንዶውስ»፣ «ፎንት»። ከአሥራ ሁለት ሌብል በላይ ከሆነ ተረኛው የትኛውን እንደሚለጥፍ ግራ ይገባዋልና ጥቂት ይሁኑ።

አሁን ወደ ውሳኔው ልለፍ፤ ረዳቶቻችሁን ያሸሸው እሱ ነው። አንድ ልጅ ሁለት ሳምንት ደክሞ ፑል ሪኩዌስት (የሠራው የኮድ ለውጥ እንዲገባለት የሚጠይቅበት) ይልካል፤ «ይህን እኮ ባለፈው ወር ተነጋግረን ትተነዋል» ይባላል። የት? ዋትስአፕ ላይ። እሱ በሌለበት፣ ሊያየው በማይችልበት ቦታ። ይህ ልጅ የተከፋው ሐሳቡ ስላልተቀበለ አይደለም፤ የተዘጋ በር መሆኑን ሳያውቅ ስላንኳኳ ነው።

ብዙ የኦፕን ሶርስ ፕሮጀክቶችን የያዘው የአፓቼ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን ማኅበረሰቦች ለዚህ የቆየ ደንብ አላቸው፦ በሜይሊንግ ሊስቱ (ለአባላት ሁሉ በሚደርሰው የኢሜይል መወያያ) ላይ ያልተነገረ ነገር እንዳልተነገረ ይቆጠራል፤ ድምፅ ሲሰጥም ቢያንስ 72 ሰዓት ክፍት ይሆናል። 72 ሰዓት የተባለው ዓለም ላይ የትም ያለ ሰው ሥራውን ሠርቶ፣ ተኝቶ፣ ተነሥቶ ለማንበብ እንዲደርስ ነው። እናንተም ውሰዱት። ሜይሊንግ ሊስት መክፈት አያስፈልጋችሁም፤ ዲስከሽንስ ላይ «ውሳኔዎች» የሚል ክፍል ይበቃል። ሐሳቡ ይለጠፋል፣ 72 ሰዓት ይቆያል፣ የተቃወመ ካለ ምክንያቱን ይጽፋል፣ ዝም ያለ እንደተስማማ ይቆጠራል። ገና፣ ጥምቀት ወይም ፋሲካ መሐል ከገባ አምስት ቀን አድርጉት፤ ሜሪላንድ ያለችው ባልደረባችሁም የራሷ የሥራ ወቅትና በዓላት አሏትና እሷንም ጠይቁ።

በስልክ መነጋገር ክልክል አይደለም። አስቸጋሪ ክርክር ብዙ ጊዜ በግማሽ ሰዓት ንግግር ይፈታል፤ በጽሑፍ ቢሆን አንድ ሳምንት ይፈጅና ሰውም ያቃቅራል። ግን ከስልኩ በኋላ በዚያኑ ቀን አንዱ አራት መስመር ይጻፍ፦ ጉዳዩ፣ የታዩት አማራጮች፣ የተመረጠው፣ ለምን። ለምሳሌ፦

«ጉዳዩ፦ ኅ በየትኛው ቁልፍ ይምጣ? አማራጮች፦ ትንሹን ኤች ሁለት ጊዜ በመጫን፣ ወይም ቁልፉን ጫን አድርጎ በመያዝ። የተመረጠው፦ ሁለት ጊዜ መጫን። ምክንያት፦ በኮምፒውተር ቁልፍ ይዞ መቆየት ፊደሉን ይደጋግማል፤ ስልክና ኮምፒውተር አንድ ዓይነት እንዲሆኑ እንፈልጋለን።»

ከአራቱ በጣም አስፈላጊዋ አራተኛዋ ናት። ምክንያቱ ከተጻፈ፣ ነገ ሁኔታው ሲለወጥ አንድ አዲስ ሰው «ይህ ምክንያት አሁን የለም፣ እንደገና እንየው» ሊል ይችላል። ካልተጻፈ ግን ያው ክርክር በየዓመቱ ከዜሮ ይጀመራል። ከስልክ ንግግር በኋላ አራቱ መስመሮች ካልተጻፉ ደግሞ ጉዳዩ እንዳልተወሰነ ይቆጠር፤ ይህንንም በደንብ መልክ ጻፉት።

ቀን እና ሰዓት ስትጽፉ ተጠንቀቁ። «ስብሰባ ቅዳሜ 2 ሰዓት» ሲባል አዲስ አበባ ያለው ማታ 2 ሰዓትን፣ ሜሪላንድ ያለችው ከቀኑ 8 ሰዓትን ልትረዳ ትችላለች። «5/2/2018» የሚለው ጥቅምት 5 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው፣ ወይስ በፈረንጅ የ2018 ፌብሩዋሪ 5፣ ወይስ ሜይ 2? የወሩን ስም በቃል ጻፉ፤ ሁለቱንም የዘመን አቆጣጠር አስቀምጡ፤ ሰዓቱን ደግሞ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት) መልሕቅ ስጡት፦ «ቅዳሜ ማታ 2 ሰዓት በኢትዮጵያ፣ 17:00 በዩቲሲ»። ኢትዮጵያ ሰዓት አትቀይርም፤ አሜሪካ ግን በማርች ሁለተኛው እሑድና በኖቬምበር የመጀመሪያው እሑድ ትቀይራለች። ስለዚህ ያ ስብሰባ ለሜሪላንድ በበጋቸው ከቀኑ 13:00፣ በክረምታቸው 12:00 ላይ ይውላል። ከለውጡ በፊት ባለው ሳምንት ቻናሉ ላይ ማስታወስ የተረኛው ሥራ ይሁን።

ምስጢር ወደሚሆነው ልምጣ። ኪቦርድ ሰው የሚጽፈውን ሁሉ ያያል፤ የባንክ አፕ የይለፍ ቃልንም፣ የቴሌብር ፒንንም። ኪቦርዱ ቃላትን የሚማር ከሆነና በስህተት የይለፍ ቃልን ተምሮ እንደ ጥቆማ ቢያወጣ፣ ይህ እንደ ሌሎቹ ስህተቶች ግሩፕ ላይ የሚወራ አይደለም። ጊትሃብ ላይ ተጋላጭነትን በግል ማሳወቂያ መንገድ አለ፤ በሪፖዚተሪው (በኮዱ ማከማቻ) ቅንብር ውስጥ ከደኅንነት ክፍሉ ታበሩታላችሁ። ጊትሃብ ለሌለው ደግሞ አንድ የኢሜይል አድራሻ አኑሩ፤ ቢያንስ ሁለት ሰው የሚያነበው። በሦስት ቀን ውስጥ «ደርሶናል» የሚል መልስ እንደሚሰጥ ጻፉ፤ የማትጠብቁትን ግን ቃል አትግቡ። ማስተካከያው ይሠራል፣ ስሪቱ ይወጣል፣ ሰው እንዲያዘምነው ጊዜ ይሰጣል፣ ከዚያ ምን እንደነበር በግልጽ ይነገራል። በሙያው የተለመደው ከፍተኛ ገደብ 90 ቀን ነው፤ ለእናንተ ዓይነቱ ትንሽ ፕሮጀክት ሁለት ሳምንት ሲበዛ ነው።

አንድ ሰው ሳያውቅ ግሩፑ ላይ ቢለጥፈውስ? መልእክቱን ሰርዙ፣ ለሰውዬው በግል ጽፋችሁ አመስግኑ፣ አትቆጡት። ከተሰረዘ በኋላም ግን ወሬው እንደወጣ ቁጠሩና ማስተካከያውን በዚያው ቀን ጀምሩ።

ይኸው መንገድ የሰው አቤቱታም ያስተናግድ። ተሰደብኩ፣ ተገለልኩ የሚል ሰው ለማን እንደሚናገር ይወቅ፤ ከሚቀበሉት ሁለት ሰዎች አንዱ ኮድ ከማይጽፉት ወገን ይሁን፤ አለዚያ በአራታችሁ ላይ አቤቱታ ያለው ሰው የሚናገርበት አያገኝም። የግሩፑ ደንብ አምስት መስመር ይበቃዋል። ፖለቲካ፣ ብሔርና ሃይማኖት እዚህ እንደማይነሣ በግልጽ ይጻፍ፤ የአማርኛ ግሩፕ ስትመሩ ይህን መዝለል አይቻልም። ነገር ሲጋል ሰው ከማባረር በፊት ስሎው ሞድን (አንድ ሰው በሁለት መልእክቶቹ መካከል እንዲቆይ የሚያደርገውን ቅንብር) አብሩ፤ ከጥቂት ሰከንድ እስከ 1 ሰዓት ይደርሳል፤ 5 ደቂቃ ላይ ማድረጉ ብዙ ጊዜ ነገሩን ያበርደዋል።

ሰው ስለሚያደርስባችሁ ግፊትም ላንሣ፤ የኤክስዜድ ዩቲልስ (ብዙ የሊኑክስ ሲስተሞች የሚጠቀሙበት የፋይል ማመቂያ ሶፍትዌር) ታሪክ የመገናኛ መስመርም ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 በፕሮጀክቱ ሜይሊንግ ሊስት ላይ ማንነታቸው የማይታወቅ ሰዎች «ሥራው ተንቀራፈፈ፣ ሌላ ኃላፊ ይጨመር» እያሉ በፈቃደኝነት የሚሠራውን የደከመ ሰው ወጠሩት። በመጨረሻ ሥልጣን ያገኘው «ረዳት» በ5.6.0 እና 5.6.1 ስሪቶች ውስጥ የኋላ በር (የምስጢር መግቢያ) ደበቀ፤ ማርች 29 ቀን 2024 ይፋ ወጣ። ስለዚህ መርጅ የማድረግ (ለውጥን ወደ ዋናው ኮድ የማስገባት) ፈቃድ እንዴት እንደሚሰጥ ሰው መገፋፋት ሳይጀምር አስቀድማችሁ ጻፉ፦ ስንት ወር የሠራ፣ ስንት ፑል ሪኩዌስት ያለፈለት፣ ከእናንተ ስንቱ የተስማማበት። «ምላሽ በሁለት ሳምንት ውስጥ እንሰጣለን» ብላችሁ አስቀድማችሁ ከጻፋችሁም፣ በሦስተኛው ቀን የሚጮኽባችሁን ሰው በሰላም ታስተናግዱታላችሁ።

ባለቤትነቱ የማን ነው? አሁኑኑ ፈትሹ። የቴሌግራም ግሩፕ ባለቤት አንድ ስልክ ቁጥር ነው። ሲሙ ቢጠፋ፣ ሰውዬው ፕሮጀክቱን ቢተው፣ አካውንቱ ለረጅም ጊዜ ሳይከፈት ቀርቶ ቢሰረዝ 1,400 ሰው ባለቤት አልባ ይሆናል። ባለቤትነትን ለሌላ ለማስተላለፍ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ቢያንስ ከሰባት ቀን በፊት በርቶ መገኘት አለበት፤ ስለዚህ በችግሩ ቀን አይደርስላችሁም፣ ዛሬ አብሩት። ጊትሃቡም በአንድ ሰው የግል አካውንት ሥር ከሆነ ወደ ኦርጋናይዜሽን (የቡድን አካውንት) አዛውሩትና ሁለት ባለቤት ይኑረው። በሦስት ወር አንድ ጊዜ በቴሌግራም ዴስክቶፕ የግሩፑን ታሪክ አውጥታችሁ አስቀምጡ።

ሌላው፣ የራሳችሁ ድረ ገጽ ላይ «እኛን ለማግኘት» የምትል አንዲት ገጽ ይኑር፤ በየትም ቦታ የምትሰጡት ሊንክ የእሷ ይሁን እንጂ የቴሌግራሙ አይሁን። እ.ኤ.አ. በሜይ 2021 የኦፕን ሶርስ ፕሮጀክቶች ይነጋገሩበት የነበረው የፍሪኖድ ቻት ኔትወርክ ባለቤትነት ሲናጥ በሺዎች የሚቆጠሩ ቻናሎች ወደ ሌላ ኔትወርክ፣ ወደ ሊቤራ ቻት፣ መሰደድ ነበረባቸው። አድራሻው በየሰነዱና በየመጽሐፉ የተበተነበት ፕሮጀክት ለማረም ብዙ ደከመ፤ ሁሉን በራሱ ገጽ በኩል ያሳለፈ ግን አንድ መስመር ቀይሮ ጨረሰ። እኛ አገር ደግሞ ምክንያቱ ከዚህም የቀረበ ነው። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ኢንተርኔት ለሳምንታት ተዘግቶ ነበር፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ከየካቲት እስከ ሐምሌ ቴሌግራምና ፌስቡክ ያለ ቪፒኤን አይከፈቱም ነበር። ይህ እንደገና ቢመጣ ሰዉ የት ይፈልጋችሁ? ለአዲስ ስሪት ማስታወቂያ ብቻ የሚሆን የኢሜይል ዝርዝር ይኑራችሁ፤ በዓመት ስድስት ጊዜ ቢላክ ነው። ሥራውም አይቆምም፤ ጊት (የኮድ ለውጥን የሚመዘግበው መሣሪያ) ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ ለውጡ በፋይል ወጥቶ በኢሜይል ይላካል። የሊኑክስ ከርነልን (የሲስተሙን እምብርት) የሚሠሩ ሰዎች ዛሬም በዋናነት የሚሠሩት በኢሜይል ነው።

ቦታዎቹን በቦት (በራሱ መልእክት በሚለጥፍ ፕሮግራም) ማገናኘት ትፈልጉ ይሆናል። አንድ አቅጣጫ ብቻ አድርጉት፦ አዲስ ስሪት ሲወጣ ቦቱ ቻናሉ ላይ ይለጥፍ። ኢሹና አስተያየት ሁሉ ግሩፑ ላይ እንዲወርድ ካደረጋችሁ ሰዉ በሁለተኛው ቀን ኖቲፊኬሽኑን ያጠፋል። የሁለት አቅጣጫ ድልድይ ደግሞ ጥገና ይፈልጋል፤ ማትሪክስ በሚባለው የቻት ኔትወርክና በሊቤራ ቻት መካከል የነበረው ትልቁ ድልድይ እንኳ በ2023 ተዘግቷል።

በመጀመሪያው ሳምንት «እኛን ለማግኘት» የምትለውን ገጽ ጻፉ፣ ባለቤትነቱን አስተካክሉ። በሁለተኛው ቅጹንና ሌብሎቹን አውጡ። በሦስተኛው ተረኛ ይጀምር፣ ጥያቄም ይቆጠር። ከዚያ በኋላ ቴሌግራም ላይ ፒን የምታደርጉት ይህን ብቻ ነው፦

«እንኳን ደህና መጡ። አጠቃቀም ለመጠየቅ፦ እዚሁ ይጻፉ። ስህተት ለመንገር፦ የወጣውን ጽሑፍ ኮፒ አድርገው፣ የስልክዎን ሞዴል ጨምረው እዚህ ይላኩ፤ ተረኛው ይመዘግባል። የይለፍ ቃልን ወይም ገንዘብን የሚነካ ችግር ካዩ፦ እዚህ አይጻፉ፣ ከታች ባለው ኢሜይል ይላኩ። የተደጋጋሚ ጥያቄዎች መልስና ውሳኔዎች፦ በሊንኩ። የዚህ ሳምንት ተረኛ፦ ____።»

ስለ ዲስኮርዱ፦ ለልጆቹ የሚመች ቦታ መሆኑ እውነት ነው፤ የድምፅ ክፍሉም ጥሩ ነው። በውስጡ የሚጻፈው ግን እንደ ቴሌግራሙ ሁሉ በጉግል አይገኝም። ለሥራ ቡድኖች የተሠራው ስላክም ነጻው አገልግሎቱ የሚያሳየው የ90 ቀን ታሪክ ብቻ ነው። ኮድ ለሚጽፉት የተለየ ቻት ካስፈለገ ዙሊፕን ተመልከቱ፤ እያንዳንዱ ንግግር ርዕስ ይዞ ነው የሚሄደው፣ አካውንት የሌለው ሰውም እንዲያነበው ማድረግ ይቻላል፣ ለኦፕን ሶርስ ፕሮጀክቶችም በነጻ ይሰጣል። ዲስኮርድን የምትከፍቱት ግን ሁለት ሰዎች «እዚያ ሦስት ወር ተረኛ እንሆናለን» ብለው ስማቸውን ሲያስመዘግቡ፣ እዚያ የተነገረ ስህተትም በዚያው ቅጽ እንደሚመዘገብ ሲስማሙ ነው። ከሦስት ወር በኋላ ስንት ኢሹ ከዚያ እንደመጣ ቁጠሩ፤ ከአምስት በታች ከሆነ ሰዉን ወደ ቴሌግራሙ መልሳችሁ ዝጉት።